የ19 ቀን ልጄ ቀኝ እጁን አያነሳም፤ ስወልድ ነው የተጎዳው፤ የምታውቁ እባካችሁ

የአራብሳዋ እናት፣ ጥቅምት 8

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ ዛሬ 19 ቀኔ ነው። ሌሊት አጥብቼው ሲተኛ ስለዚህ ነገር ስፈልግ ይነጋል። እንደመጣልኝ ልጻፈው፣ ቢረዝምም ታገሱኝ።

ምጥ የጀመረኝ ማታ ነው። ጤና ጣቢያ ገብቼ ሌሊቱን ሙሉ ሳምጥ አደርኩ። ጠዋት ላይ "ግፊ" አሉኝ። ገፋሁ፣ ገፋሁ፣ ጉልበቴ አለቀ። የልጁ ጭንቅላት ወጣ። ከዚያ ቆመ። የክፍሉ ድምፅ ሲቀየር ተሰማኝ። አንዷ "ትከሻው ይዞታል" አለች። ሌላዋ ሮጣ መጥታ ሆዴን ከላይ በክንዷ ተጫነችኝ። ከታች ደግሞ ይጎትታሉ። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አላውቅም። ሲወጣ ወዲያው አላለቀሰም። አሻሽተውት አለቀሰ። ሲመዘን 4 ኪሎ ከ300 ሆነ።

እጁን ያየሁት ደረቴ ላይ ሲያስተኙልኝ ነው። ግራ እጁን ጨብጦ ያወራጫል። ቀኙ ግን ጎኑ ላይ ዝም ብሏል። ክንዱ ወደ ውስጥ ዞሯል፣ መዳፉ ወደ ኋላ ነው የሚያየው። ጣቱን ስሰጠው ግን ይጨብጠኛል። "ምን ሆኖ ነው?" ብዬ ጠየቅኩ። "ደክሞት ነው፣ ይለቀዋል" አሉኝ። በማግስቱ ስወጣም ጠየቅኩ። መልሱ ያው ነው። ካርዱ ላይ የተጻፈው ኖርማል ዴሊቨሪ የሚል ብቻ ነው።

አሁን "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ሊሉ የሚመጡ ሰዎች ሲያቅፉት በጋቢ ጥቅልል አድርጌ ነው የምሰጣቸው። እጁን እንዲያዩት አልፈልግም። በር በኃይል ሲዘጋ ማሙሽ ይደነግጣል፤ ግራ እጁ ብድግ ይላል፣ ቀኙ አይነሳም። ያን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

እናቴ ወጌሻ ጋ እንውሰደው ትላለች። ጎረቤታችን ለቅዳሜ ቀጠሮ ይዛልናለች። ባለቤቴ ደግሞ "መክሰስ አለብን" ይላል። እኔ የቱን እንደምይዝ አላውቅም። ይድናል ወይ? የማን ጥፋት ነው? እኔ ያጠፋሁት ነገር ይኖር ይሆን? ክትትሌን አንድም ቀን አልቀረሁም።

የሰበታው አባት፣ ጥቅምት 8

እህቴ፣ አንድ ነገር ብቻ ቶሎ ልበልሽ። ቅዳሜ ወጌሻ ጋ እንዳትሄጂ። አሁን ሥራ ላይ ነኝ፣ ማታ በሰፊው እጽፍልሻለሁ። በልጄ የደረሰ ነው።

አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ ጥቅምት 8

የኔ እህት፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። 11 ዓመት አዋልጃለሁ፤ አሁንም ያለሁት ከከተማ ዳር ባለ ጤና ጣቢያ ነው። የጻፍሽውን ሳነብ ክፍሉን በዓይኔ አየሁት።

የገጠመሽ ነገር በሙያው ሾልደር ዲስቶሺያ ይባላል። ጭንቅላቱ ይወጣል፣ የፊተኛው ትከሻ ግን ከፊት ባለው የዳሌ አጥንት ጀርባ ይቀረቀራል። ከአንገት ተነስተው ወደ ክንድ የሚወርዱ አምስት የነርቭ ሥሮች አሉ። ትከሻና ብብት አካባቢ ተገናኝተው፣ ተጠላልፈው ነው ወደ እጅ የሚሄዱት። ብራኪያል ፕሌክሰስ እንላቸዋለን። ትከሻው ተይዞ ሳለ ጭንቅላቱ ወደ ጎን ሲጎተት መጀመሪያ የሚለጠጡት የላይኞቹ ሁለቱ ናቸው። ትከሻ የሚያነሱትና ክርን የሚያጥፉት እነሱ ናቸው። አንቺ የገለጽሽው አያያዝ፣ ክንድ ወደ ውስጥ ዞሮ መዳፍ ወደ ኋላ፣ ብዙ ጊዜ የነሱን መጎዳት ነው የሚያሳየው። ኤርብስ ፖልሲ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1874 በጻፈበት በጀርመናዊው ሐኪም በዊልሄልም ኤርብ ስም ነው። ጣቶቹ መጨበጣቸው ትልቅ ነገር ነው። የታችኞቹ ሥሮች እየሠሩ ነው ማለት ነው።

የአንቺ ጥፋት አይደለም። ይሄንን ደግመሽ አንብቢው። በሀብታም አገሮች እንኳ ከ1,000 ሕፃናት 1 ወይም 2 የሚሆኑት ይገጥማቸዋል። የትከሻው መያዝም በራሱ የአዋላጇ ጥፋት አይደለም። እናትየው ስኳር ካለባት፣ ሕፃኑ ትልቅ ከሆነ፣ ምጡ ከረዘመ፣ በቫኪዩም (ጭንቅላቱን ስቦ በሚያወጣ መሣሪያ) ከተወለደ፣ ከዚህ በፊት ደርሶባት ከነበረ ይጨምራል። ግን ማን ላይ እንደሚደርስ ቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ትከሻቸው ከሚያዝ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ከ4 ኪሎ በታች ናቸው።

ጥያቄው ከተያዘ በኋላ ምን ተደረገ የሚለው ነው። የተማርነው እንዲህ ነው። ሰው ትጠሪያለሽ፣ ሰዓት ትይዣለሽ። እናትየዋ መግፋቷን ታቆማለች። ሁለት ሰው ጭኖቿን ወደ ሆዷ አጥብቆ ያጥፋል፤ ማክሮበርትስ ይባላል፤ ብዙዎቹ በዚህ ብቻ ይወጣሉ። አንድ ሰው ከእምብርት በታች፣ ልክ ከአጥንቱ በላይ፣ በመዳፉ ትከሻውን ይገፋል። ካልሆነ እጅ አስገብቶ የኋለኛውን ክንድ ማውጣት አለ። እናትየዋን በእጅና በጉልበቷ ማስደገፍም አለ። የማይደረገው ጭንቅላቱን በኃይል መጎተትና የሆድን አናት መጫን ነው። ከላይ ስትጫኚ ትከሻው አጥንቱ ላይ የባሰ ይቀረቀራል።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የተጫነችሽ ከእምብርትሽ በላይ ነው ወይስ በታች?

የአራብሳዋ እናት፣ ጥቅምት 8

ከላይ ነው። ከጡቴ ሥር። በማግስቱ እዚያ ጋ በልዞ ነበር። ጭኔን ያጠፈ ሰው የለም።

አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ ጥቅምት 8

እንዲህ ከሆነ ትክክል አልነበረም። የሙያ አጋሮቼ ናቸውና ይሄንን ስጽፍ ይከብደኛል፤ ግን ልዋሽሽ አልችልም።

ካርዱም ትክክል አይደለም። ትከሻ ከተያዘ ጭንቅላቱ የወጣበት ሰዓት፣ ገላው የወጣበት ሰዓት፣ ከፊት የነበረው የትኛው ትከሻ እንደሆነ፣ ምን ምን እንደተሞከረና በማን እንደተሞከረ መጻፍ አለበት። "ኖርማል" የሚል ቃል ይሄንን ሁሉ ይደብቃል። ለቀጣዩ እርግዝናሽም ያስፈልግሻል። አንዴ የገጠማት እናት እንደገና ሊገጥማት ስለሚችል፣ ሁለተኛውን ስታረግዢ ለምታይሽ ሐኪም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ንገሪያት።

የሰበታው አባት፣ ጥቅምት 8

ቃል በገባሁት መሠረት።

ልጄ አሁን 7 ዓመቷ ነው። እሷም እንደ ማሙሽ ቀኝ እጇ ነው። ለኛም "ይለቃታል" ነው ያሉን። አመንን። ወጌሻው ደግሞ "ትከሻዋ ወልቋል" አለን። ቅቤ እየቀባ ያሽ ነበር፣ ይጎትትና መልሶ ያስር ነበር። ሕፃኗ እየጮኸች እኔ እግሯን ይዣለሁ። ያን ድምፅ እስካሁን አልረሳሁትም። ሁለት ወር ተመላለስን። የወለቀ ነገር አልነበረም። የተጎዳው ነርቭ ነው። ነርቭ ታሽቶ አይገባም።

ሆስፒታል የሄድነው ዓመት ከስድስት ወር ሲሆናት ነው። ሐኪሙ ካርዷን አገላብጦ "በሦስተኛው ወር ብትመጡ ኖሮ" አለ፤ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ለነርቩ ቀዶ ጥገና ጊዜው አልፎ ነበር። በኋላ ጡንቻ የማዘዋወር ቀዶ ጥገና ተሠራላት። አሁን ማንኪያ ወደ አፏ ታደርሳለች፣ ትጽፋለች። እጇን ከራሷ ጀርባ ግን ማድረስ አትችልም። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ፀጉሯን ከኋላ የማስርላት እኔ ነኝ። ለሌላ ሰው አትሰጥም፣ "አባ ይሰርልኝ" ነው የምትለው።

ወጌሻውን አልጠላውም። የማያውቀውን ነገር አውቃለሁ አለ፣ እኔም ማመን ስለፈለግኩ አመንኩት። አንቺ 19 ቀን ላይ ነሽ። ገና ነሽ።

ፊዚዮቴራፒስት፣ ጥቅምት 9

አቶ የሰበታው አባት እንዳሉት ጊዜው ነው ዋናው። እህቴ፣ በዚህ ሳምንት ማድረግ ያለብሽን ልንገርሽ።

በመጀመሪያ ሕፃናት የሚያይ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። አንገትና ትከሻ መሃል ያለችው ቀጭን አጥንት ተሰብራ ሊሆን ይችላል፤ እሷ ስትሰበርም ሕፃኑ ሕመሙን ፈርቶ እጁን አያንቀሳቅስም። ያ በራሱ የሚድን ነው፣ በኤክስሬይ ይታያል። ሐኪሙ ዓይኑንም ይይ። በተጎዳው እጅ በኩል ያለው የዓይን ቆብ ወረድ ካለ ወይም የዓይኑ ብሌን ካነሰ፣ ነርቩ ከሥሩ የመነቀል ምልክት ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ሪፈር መባል አለበት። አተነፋፈሱ ፈጣን ወይም ከባድ ከሆነ ደግሞ ያንኑ ቀን ሂጂ። ዲያፍራምን፣ ማለትም የምንተነፍስበትን ጡንቻ፣ የሚያንቀሳቅሰው ነርቭም አንዳንዴ አብሮ ይጎዳል።

ይድናል ወይ ላልሽው፣ ብዙዎቹ ይድናሉ። ነርቩ ተለጥጦ ብቻ ከሆነ በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል። ከተቀደደ ወይም ከተነቀለ በራሱ አይመለስም። አሁን ከውጭ አይቶ ይሄኛው ነው፣ ያኛው ነው ማለት አይቻልም። ለዚህ ነው የሚጠበቀው። ግን በሐኪም እጅ ነው የሚጠበቀው። የምንቆጥረው ክርኑን ነው። በሦስት ወር ውስጥ ክርኑን በራሱ ማጠፍ ከጀመረ ደስ ይለናል። ካልጀመረ የነርቭ ቀዶ ጥገና የሚያውቅ ሐኪም ማየት አለበት፤ ቀዶ ጥገናው ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከ3 እስከ 9 ወር ባለው ጊዜ ነው። ከዓመት በኋላ ጡንቻው ነርቭ ቢመጣለትም እየሰለለ ስለሚሄድ ብዙም አይቀበልም።

ቤት ውስጥ፦ በብብቱ ይዘሽ አታንሺው፣ በእጁም አትሳቢው። አንድ እጅሽን ከራሱና ከአንገቱ ሥር፣ ሌላውን ከመቀመጫው ሥር አድርጊ። ስታለብሺው የታመመውን እጅ መጀመሪያ አስገቢ፤ ስታወልቂለት መጨረሻ ላይ አውጪ። ከፊት የሚከፈት ልብስ ይሻላል። በጋቢ ስትጠቀልይው ቀኝ እጁን ጎኑ ላይ አትሰሪው፣ ደረቱ ላይ አድርጊለት።

ሁለት ሳምንት ስላለፈው፣ ሐኪሙ ስብራት የለም ካለ እንቅስቃሴው ይጀመራል። ዳይፐር በቀየርሽ ቁጥር አድርጊው፣ እንዳትረሺ ይጠቅምሻል። ክርኑን ጎኑ ላይ አስጠግተሽ 90 ዲግሪ አጥፊው። ከዚያ አይበሉባው ወደ ፍራሹ እስኪጠጋ ቀስ ብለሽ ወደ ውጭ አዙሪው። ትከሻው ወደ ውስጥ እንደዞረ እንዳይደርቅ የሚያደርገው ይሄ ነው፣ ከሁሉም በላይ ይሄንን አትተዪ። ክርኑን ዘርጊለት፣ መዳፉን ወደ ላይ መልሺለት። ካለቀሰ አቁሚ። ባለሙያ በእጁ ይዞ ያሳይሽ፤ ከጽሑፍ ብቻ አይጀመርም።

የጤና መኮንን፣ ጥቅምት 9

እህቴ፣ ማሙሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። በሌላ በኩል ያለውንም ልናገር። ከከተማው ዳር ሕዝቡ በኮንዶሚኒየም ብቻ በአንዴ ሞላ፣ ጤና ጣቢያው ግን ያው ነው። ሁለት አዋላጅ ሌሊቱን አራት እናት ይዘው ያድራሉ። ትከሻ ሲያዝ ሆስፒታል ሪፈር የሚባልበት ጊዜ የለም፤ ሕፃኑ በደቂቃዎች ውስጥ አየር ያጥረዋል። ያቺ አዋላጅ ልጅሽን በሕይወት አውጥታዋለች። ነርቩ ደግሞ ማንም ሳይጎትት፣ በምጡ ግፊት ብቻ ሊጎዳ እንደሚችል የታወቀ ነው። በኦፕራሲዮን በተወለዱ ሕፃናትም ታይቷል። እጅ ተጎዳ ማለት ሁልጊዜ ቸልተኝነት አለ ማለት አይደለም። እያንዳንዱ አዋላጅ ፍርድ ቤት የሚቆም ከሆነ ሌሊት ተረኛ የሚሆን አይገኝም።

የአራብሳዋ እናት፣ ጥቅምት 9

ወንድሜ፣ ያልከው ገብቶኛል። ልጄ በሕይወት አለ፣ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። ከልቤ ነው።

እኔን ያቃጠለኝ ግን መጎተታቸው አይደለም። ደክሟቸው ነበር፣ ፈርተው ነበር፣ አይቻለሁ። ያቃጠለኝ ያለመንገራቸው ነው። "ትከሻው ተይዞ ነበር፣ እጁ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፣ እዚህ ቦታ አሳዪው" ማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ይህ መድረክ ባይኖር ቅዳሜ ወጌሻ ጋ ነበርኩ። ወሩን ሙሉ "ይለቀዋል" እያልኩ እጠብቅ ነበር።

የጤና መኮንን፣ ጥቅምት 9

እውነትሽን ነው። ለዚህ መልስ የለኝም። መነገር ነበረበት።

ሕግ ያጠናሁ፣ ጥቅምት 10

ስለ ክሱ ባለቤትሽ ላነሳው። እኔ የልጅሽን ጉዳይ ስለማልይዝ ጠበቃ አማክሩ፤ መሠረቱን ግን ልጻፍ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ ተከትሎ መሥራት አለበት ይላል። ውጤቱ መጥፎ ስለሆነ ብቻ ባለሙያው አይጠየቅም። የሚጠየቀው የሙያው ደንብ ከሚለው ውጭ ሠርቶ፣ ጉዳቱ በዚያ ምክንያት ሲደርስ ነው። እህታችን አዋላጇ የጻፈችው እዚህ ጋ ነው የሚገባው፦ ጭን ታጥፏል ወይ? የተጫነው የት ላይ ነው? ሰዓት ተይዟል ወይ? ይሄንን የሚያረጋግጠው የሕክምና ማስረጃና የባለሙያ ምስክርነት ነው፣ ንዴት አይደለም። በአንቀጽ 2651 ደግሞ የሕክምና ተቋሙ ሠራተኞቹ ባጠፉት ጥፋት ለደረሰ ጉዳት ተጠያቂ የሚሆንበት መንገድ አለ። በወንጀል በኩል የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 559 በቸልተኝነት አካል ላይ ጉዳት ማድረስን ይመለከታል።

ጊዜውን ያዙ። በአንቀጽ 2143 የካሳ ጥያቄ መቅረብ ያለበት ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። "ልጁ ይደግ፣ እናያለን" ብለው ሲጠብቁ ያለፈባቸው ሰዎች አውቃለሁ።

ከፍርድ ቤት ውጭም መንገድ አለ፣ ለብዙ ሰው እሱ ይበቃዋል። ለጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። ኮሚቴው ካሳ አይሰጥም፤ ሥራው የሙያ ግድፈት መኖሩን መርምሮ መወሰን ነው። ጤና ጣቢያው የት እንዳለ ግን ለዩ። አራብሳ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ነው፣ አዲስ አበባ። የወለድሽው ለገጣፎ በኩል ከሆነ ግን ሸገር ከተማ ነው፣ ኦሮሚያ። የምትሄዱበት ቢሮ የተለያየ ነው። ድንበሩ ላይ የሚኖር ሰው ሁለቱም ጋ ሲመላለስ ጫማው ያልቃል።

አሁኑኑ የሚደረገው ቀላል ነው። የካርድሽን ኮፒ ለኃላፊው በጽሑፍ ጠይቂ፣ የማመልከቻሽን ቅጂ አስቀሪ። የምታስታውሺውን ሁሉ ከነሰዓቱ ዛሬ ጻፊ። እጁን በየሳምንቱ በስልክ ቪዲዮ ቅረጪው። ቪዲዮው ለሐኪሙም ይጠቅማል።

የአራብሳዋ እናት፣ ጥቅምት 17

ሰላም። ሄድን።

ኤክስሬይ ተነሳ፣ ስብራት የለም። ዓይኑ ደህና ነው፣ አተነፋፈሱም ደህና ነው። ሐኪሟ ኤርብስ ፖልሲ ነው ብላ ካርዱ ላይ ጻፈችው። ስታወራ ወረቀት ላይ አንገትና ክንድ ስላ ነርቮቹን በእስክሪብቶ እያሳየችኝ ነበር። ወረቀቱን ይዤው መጣሁ። ፊዚዮቴራፒ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ቤት ውስጥ ደግሞ በየዳይፐሩ። ለሦስተኛው ወር ቀጠሮ ተሰጠኝ፤ ካልተሻለው ወደ ጥቁር አንበሳ እልክሻለሁ አለችኝ።

ጤና ጣቢያውም ሄጄ ነበር፣ ለካርዱ። ያቺ ሆዴን የተጫነችኝ አዋላጅ ተረኛ ነበረች። አወቀችኝ። እጁን አየችው። ብዙ አልተናገረችም፤ "ሁልጊዜ አስበው ነበር" አለችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ልቆጣት ነበር የሄድኩት። አልቻልኩም። ኃላፊው ኮፒውን ሰጠኝ፣ ከሁለት ቀን ምልልስ በኋላ።

ስለ አቤቱታው ገና ከባለቤቴ ጋ እየተነጋገርን ነው። እኔ እንዲቀርብ ነው የምፈልገው። እሷ እንድትቀጣ ብዬ አይደለም። ጭን የማጠፉን ነገር ማንም ያሠለጠናት አይመስለኝም። ያ ይታወቅ።

አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ ጥቅምት 17

አቅርቢው። እኛ ጋ በአሻንጉሊት ልምምድ የሠራነው አንዴ ነው፣ እሱም ከዓመታት በፊት። ትከሻ መያዝ ደግሞ በዓመት አንዴም ላይገጥምሽ ይችላል፤ ሲገጥምሽ ግን እጅሽ ሳያስብ መሥራት አለበት። ያንቺን ጽሑፍ ካነበብኩ ወዲህ ተረኞቻችንን ሰብስቤ፣ አንዷን አልጋው ላይ አስተኝተን ጭን ማጠፉን ተለማመድን። ከእምብርት በታች የሚገፋበትንም ቦታ እያንዳንዳቸው በእጃቸው አገኙት። የግድግዳ ሰዓቱ ባትሪ ጨርሶ ነበር፣ እሱንም ቀየርነው።

የጀሞዋ አክስት፣ ኅዳር 2

የእህቴ ልጅ ላይ ተመሳሳይ ነገር ደርሶ 2 ወሩ ላይ ነው። የእህቴ አማት ጸበል ብቻ ይበቃዋል ይላሉ። ምን ብዬ ልመልስላቸው?

የሰበታው አባት፣ ኅዳር 2

ጸበሉን አትከልክሏቸው። እኛም ወስደናታል። "እማማ፣ ጠዋት ጸበል፣ ከሰዓት ፊዚዮ" በያቸው፣ እምቢ አይሉም። ዋናው ቀጠሮው እንዳይዘለል ነው። ኪዩር የሚባለው የሕፃናት ሆስፒታልም አዲስ አበባ አለ፣ የሕፃናት አጥንትና መገጣጠሚያ ላይ ነው የሚሠራው። እዚያም ጠይቁ።

የአራብሳዋ እናት፣ ታኅሣሥ 11

ጠፍቼ ነበር። በ40 ቀኑ ክርስትና ተነሳ። ካህኑ ሲቀበሉት ከብብቱ እንዳይዙት እናቴ ቀድማ ሄዳ ነገረቻቸው። ያቺ ወጌሻ ያለችው እናቴ። አሁን ዳይፐር ስትቀይር እንቅስቃሴውን ከኔ በላይ ታሠራዋለች፣ እየቆጠረች።

አቤቱታውን አስገብተናል። መልስ አልመጣም።

ዛሬ 82 ቀኑ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በግራ ጎኑ አስተኝቼው ነበር። ቀኝ እጁ ፍራሹ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ቀስ ብሎ፣ እየተንቀጠቀጠ ሳበውና አውራ ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ። መጀመሪያ ልብሱ የሳበው መስሎኝ ነበር። እጁን መልሼ ዘረጋሁት። ደግሞ ሳበው። ቪዲዮ አለኝ፣ ድምፄ ግን ስለሚሰማበት ለናንተ አላሳይም፣ እያለቀስኩ ነው።

ፊዚዮቴራፒስት፣ ታኅሣሥ 11

እልልል! ክርኑ ነው የታጠፈው ወይስ ትከሻው ነው ያመጣው? ቪዲዮውን ደግመሽ እዪው። በጀርባው ተኝቶ ሽቅብ ሲያነሳውስ ያጥፈዋል?

የአራብሳዋ እናት፣ ታኅሣሥ 11

ክርኑ ነው። አራቴ አየሁት። በጀርባው ሲተኛ ግማሽ መንገድ ድረስ ነው የሚያነሳው፣ ከዚያ ይወድቅበታል። ትከሻው ገና ነው።

ፊዚዮቴራፒስት፣ ታኅሣሥ 11

ግማሽ መንገድ ጥሩ ነው። የሦስተኛ ወር ቀጠሮሽን እንዳትሰርዢ፣ ቪዲዮውን ይዘሽ ሂጂ። ወደ ውጭ ማዞሩን ቀጥዪ።